አሥራ ሁለተኛው ክር

አሮጊቷ ዐይኗ ደክሟል ተብሎ የመድኃኒት እሬቶቿ ለምራቷ ሊሰጡባት አንድ የምርመራ ውጤት ወረቀት ብቻ ነበር የቀረው፤ እሱን ይዛ ተመራማሪዋ የልጅ ልጇ ገባች። አሮጊቷ «ታመዋል» ብላ በአሥራ ሁለት እሬቶች ላይ ቀይ ክር ብታስር፣ የላቦራቶሪው ማሽን መጀመሪያ አሥራ አንዱን ብቻ አምኖላት ነበር።

አሮጊቷ የአሥራ ሁለተኛውን እሬት ቅጠል በአውራ ጣቷ እየዳበሰች «ተናገሪ እንጂ፣ ወረቀቱ ምን ይላል?» አለች።

«ዘረመሉን እንደገና አነበብነው፤ አሥራ ሁለቱም ታመዋል! ያገኘንባቸው ቫይረስ ደግሞ ዓለም አይቶት የማያውቅ ነው። እምዬ፣ በአንቺ ስም ልጥራው?»

«በሽታ በእኔ ስም? በምራቴ ጥሪው!»

«ኧረ እምዬ፣ እናቴ እኮ ናት!»

አሮጊቷ የላላውን ክር ጠበቅ አደረገችው። «ለአንቺ ብዬ አይደል እስከ ዛሬ ስም ሳላወጣላት የኖርኩት?»