መቀመጫ የሌለው ብስክሌት

ውቢት አዳሙን ስታየው ያቅለሸልሻታል።

ባሕር ማዶ፣ ሺምሾን በሚባል ሰፈር አንድ ሕንፃ ነው የሚኖሩት፤ እሷ ከታች፣ እሱና ሚስቱ ትዋበች ከላይ። በቁምጣ ደረጃው ላይ ቆሞ ሱፍ እየቆረጠመ ገለባውን ትፍ ትፍ ሲል ልጇን አቅፋ ትሸሻለች። ቅልጥሙ እንደ ሕፃን ለስላሳ ነው፤ አንድ ጭረት የለበትም። የትዋበች ግን ከጉልበቷ በታች በልዞ በልዞ ጠቁሯል።

«ምን ሆነሽ ነው እቱ?»

«ወድቄ።»

«በየቀኑ?»

ትዋበች በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። «በሞቴ ውቢትዬ፣ ለሰው እንዳትነግሪ። እናቴ ከሰማች አለቀልኝ!»

ውቢት እንቅልፍ አጣች። ጎንደር ሳሉ ታላቅ እህቷም «ወድቄ ነው» ስትል ስትል ነው ባሏ እጅ ላይ ሞታ የቀረችው። አገር ምድሩ እያወቀ ዝም ብሎ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አዳሙ ብስክሌቱን ተሸክሞ፣ ሚስቱን አስከትሎ ወደ ሚቅላት ይወርዳል፤ ለጦርነት ጊዜ ወደተሠራው መጠለያ። የብረቱን በር ከውስጥ ይቆልፋል። አንድ ቀን ውቢት ተከትላ ወርዳ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች። ከዚያ ዱብ! ጓ!

«ተነሺ! ገና አልጨረስንም!»

«ኧረ በቃኝ፣ አመመኝ።»

«እግርሽን! እግርሽን አልኩሽ!»

ውቢት በሩ ላይ ተፋችበትና ወጣች።

በማግስቱ አዳሙ ደረጃው ላይ አገኛት። ፈገግ ብሎ ለልጇ ብርቱካን ሰጠው።

«ዓርብ አቲቆት ሰፈር ውድድር አለ፣ እንዳትቀሪ። ይህን ብስክሌት እዪው እስኪ፣ መቀመጫ የለውም። ሩጫ እንዳይመስልሽ፤ ድንጋዩን፣ በርሜሉን፣ ጣውላውን ቆመሽ እየዘለልሽ ማለፍ ነው። እግር መሬት በነካ ቁጥር ነጥብ ይቆጠርብሻል።»

«ለኔ ምን ያደርግልኛል?» አለችና ገባች። ብርቱካኑን ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው፤ የልጇን እጅ በሳሙና አጠበች። ሚስቱን እየቀጠቀጠ፣ አገር ፊት ሊዘል!

ዓርብ ግን ሄደች። ሰው ፊት ልታዋርደው ነው የሄደችው። ቅልጥማቸው የተጋጋጠ ጎረምሶች ድንጋይ ለድንጋይ ይዘላሉ፤ ሰው ያጨበጭባል። አዳሙ ብስክሌቱን ይዞ ቆሟል። ትዋበች በዚያ ሙቀት ነጠላዋን እስከ እግሯ ተከናንባ ከኋላው ቆማለች።

ውቢት አላስቻላትም።

«አንተ አውሬ! ሚስትህን ጉድጓድ ቆልፈህ የምትደበድብ! ሰው ሁሉ ይስማልኝ! ፖሊስ፣ ሚሽታራ መጥቶ በካቴና ይውሰድህ!»

ጭብጨባው ቆመ። አዳሙ የአፉን ገለባ ዋጠ። ሚስቱን ዞር ብሎ አያት። ትዋበች ቀስ ብላ ነጠላዋን አወለቀችና ለውቢት አስያዘቻት።

አዳሙ ሄልሜቱን ሚስቱ ራስ ላይ አጠለቀላት፣ ማሰሪያውን አገጯ ሥር ቆለፈላትና ብስክሌቱን አስረከባት።