ዳገት የማትወጣው ኮሪያ

የልብን ስውር ለሚመረምር፣ አንደበትንም በሚዛኑ ለሚመዝን ለእግዚአብሔር ስብሐት ይሁን። እርሱ ያልባረከው ነገር ጣዕም የለውምና በስሙ እንጀምር።

ፍቃዱ የሚባል የወሎ ሰው በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በደርብ ከተማ በሹፌርነት ይኖር ነበር። የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማው፣ የጸና፣ ሥራውም የተመሰገነ ነው፤ ከባሕሩ ዳር ተነሥቶ በአድ-ዳኢር ተራራ ወዳሉት ቡና ገበሬዎች ሰውና ዕቃ ያመላልሳል። ቁጣው ግን ከሥራው ይልቅ የታወቀ ነበር።

ያን ሰሞን የቁጣው ምክንያት መኪናው ናት። ቀድሞ በዚያ አገር ኮሪያ ሠራሽ መኪና የሚነዳ ሰው ይሣቅበት ነበር፤ ፕላስቲክ ናት፣ ፀሐይ ያቀልጣታል ይሉት ነበር። ዛሬ ያ የኮሪያ ፋብሪካ እንደ ሰናፍጭ ቅንጣት አድጎ፣ መኪናው ከጂዛን እስከ አል-ኹባ መንገዱን ሞልቶታል።

በገመቹ ጋራዥ ደጃፍ ሻይ የሚጠጡ ሹፌሮች ዘወትር በዚህ ነገር ይሟገታሉ። ታክሲ ነጂው እንድሪስ ነዳጅ ትቆጥባለች፣ ማቀዝቀዣዋም የሐምሌን ሐሩር ያስረሳል እያለ ያወድሳታል። ሌላው መለዋወጫዋ እንደ ልብ ይገኛል፣ ቀለሟ ግን ቶሎ ይላጣል ይላል። ፍቃዱ ሁሉንም በአንድ ቃል ይዘጋቸዋል።

“ኮሪያ አስፋልት ላይ ሙሽራ፣ ዳገት ላይ ሬሳ።”

መኪናዋን የገዛው ከአገሩ ልጅ ከሀይደር ነው። ሀይደር በከተማዋ ዳር ባለ መሐጣ፣ በነዳጅ ማደያ፣ ቀጂ ነው። ያንኑ ተራራ ለዓመታት ወጥቶባት ወርዶባታል፤ አንድ ቀን እንኳ አላስቆመችውም። ሲሸጥለትም፣ “ወላሂ ፍቄ፣ ከእኔ ይልቅ እርሷን እመን” ብሎ ነበር።

በፍቃዱ እጅ ግን መኪናዋ ሌላ ሆነች። በከተማ ውስጥ ትበራለች፤ ወደ ተራራው በተጓዘ ቀን ሁሉ ትንተባተባለች፣ ከገደሉ አፋፍም ላይ ትቆማለች። ተሳፋሪ ይሰድበዋል፣ ደንበኛ ይከዳዋል። ፍቃዱም ኮሪያን ከነባሕሯ ይረግማል።

ሚስቱ ማህሌት ጾመኛና ጸሎተኛ ሴት ናት። ያ ገደል በሕልሟ ይመጣባታል። ከአገር የሚመጣ ሰው ያደረሰላትን ጸበል በንጹሕ ውሃ እያበረከተች፣ እርሱ ተራራ በሚወጣበት ቀን ጎረቤት ሳይነቃ ወደ መኪናዋ ትሄዳለች። ባሏ በመስኮት ሲያይ ጎማውንና መስታወቱን ስትረጭ ያያታል፤ ፊቱን ሊታጠብም ይመለሳል። ሙሉ ይዛ የወጣችውን ጠርሙስ ባዶውን ይዛ ትገባለች።

እርሱንም እንዲሁ ታስታምመዋለች። አንድ ጊዜ ሆዱን ሲቆርጠው ግንባሩን ብቻ እንድትረጨው ቢለምናት፣ “ከላይ የተረጨ ከላይ ይቀራል፤ የሚፈውስስ የተጠጣው ነው” ብላ አንድ ጣሳ ሙሉ አስጨልጣዋለች።

መኪናዋ እንደገና ከተራራው በጉተታ በወረደች ቀን፣ ገመቹ የነዳጁን ማጠራቀሚያ፣ ሰልባትዮውን፣ ፈትቶ የወጣውን በጠርሙስ አኖረው። ጥቂት ቆይቶ ቤንዚኑ ከላይ፣ ውሃው ከታች ሆኖ ተለያየ።

“መኪናዋ ጤነኛ ናት። ውሃ እያጠጣሃት ነው” አለ ገመቹ።

የፍቃዱ ደም ሥር ተገተረ። ነዳጅ የሚሞላው በጉዞው ዋዜማ ከሀይደር መሐጣ ነበረና። ገመቹ፣ ባለፈው ጊዜ እኮ ከሌላ መሐጣ ቀድተህ ነበር፣ ያን ቀንስ ለምን ቆመች ብሎ ቢጠይቀው፣ የፊተኛው ትርፍራፊ ነው ብሎ አፉን አስያዘው። ነገሩ ተገልጦለታል፤ ሀይደር መኪናዋን አስጠልቶት በርካሽ ሊመልሳት ነው።

ወደ መሐጣው ሄዶ በሰው ፊት አነቀው።

“ውሃ ትሸጥልኛለህ፣ አንተ ከሐዲ?”

ሀይደር እጁን አላነሣም። ከዚሁ ማደያ በየቀኑ ስንት መኪና ቀድቶ እንደሚሄድ፣ ተመልሶ የመጣም እንደሌለ አስረዳ። ፍቃዱ ግን አልሰማም። በቀጥታ ወደ መሐጣው ባለቤት፣ የሀይደርን የመኖሪያ ፈቃድ ወደያዘው አሠሪው ካፊል ገባና፣ ይህ ሰው በነዳጅህ ውሃ እየቀላቀለ ስምህን ያጠፋል ብሎ መሰከረ። ካፊሉ ስሙን የሚወድ ሰው ነበር። ኸላስ፣ በቃ አለ፤ የሀይደር ኢቃማ ተሰረዘ። በአገር ቤት እናቱንና ልጆቹን በዚያ ደመወዝ የሚያኖር ሰው ከረጢቱን እንዲያስር ታዘዘ።

ሀይደር ወደ አገሩ ሊባረር በፖሊስ መኪና ሲሳፈር ፍቃዱን አየው።

“እኔን ባታምን እርሷን እመን ብዬህ ነበር” አለው።

ፍቃዱ ምራቁን ተፋ። ገመቹም ሰልባትዮውን አጥቦ አደረቀለት። ከሌላ መሐጣ ሞልቶ ወደ ቤቱ ሲገባ ንዴቱ ገና አልበረደም ነበር። ማህሌት ምን ሆነህ ብትለው ነገሩን ሊዘረዝርላት አልወደደም።

“ሀይደር መኪናዬን መርዞብኝ ኖሯል። የእጁን አግኝቷል። ነገ ተራራ እወጣለሁ” አላት፤ ራቱንም ሳይበላ ተኛ።

ማህሌት ደነገጠች፤ የተመረዘ ነገር ማርከሻ እንደሚያስፈልገው ታውቃለችና። ጎሕ ሲቀድ ቁልፉን ከምስማሩ አንሥታ ወጣች። እንደ ልማዷ ጎማውን ረጨች፣ መስታወቱን ረጨች።

ቀጥላም፣ እንደ ልማዷ፣ የነዳጁን ክዳን ከፍታ አማተበች፤ የቀረውን ጸበል እስከ ጠብታው እያንቆረቆረች፣ “ጠጪ እንግዲህ፣ የኔ እናት” አለቻት።

ይህን የሰማችሁ ሁሉ፣ ቤታችሁ ይባረክ፤ መንገዳችሁንም እግዚአብሔር ያቅናው፤ አሜን።