አቶ ቲማቲም

በሩጫ ክበባችን ሰው እናት አባቱ ባወጡለት ስም አይጠራም። የጠራ ሰው አንድ ጃምቦ ቢራ በአንድ ትንፋሽ ይጨልጣል። እኔ ጎማ ነኝ፤ ጃፓናዊው ወዳጃችን ሽሮ ነው። ቲማቲም ደግሞ የመጀመሪያ ቀን ሲሮጥ ጉልት ላይ፣ የቲማቲም ክምር መሃል የወደቀው ነው። አሥራ አምስት ዓመት አብረን ሮጠናል።

ባለፈው ቅዳሜ እንጦጦ ላይ እግሩን ወለም አለው። ተሸክመን ሆስፒታል አደረስነው፤ እሱን ወደ ራጅ አስገቡት፣ እኛ ካርድ ልናወጣ ሄድን።

«የበሽተኛው ስም?» አለች የካርድ ክፍሏ ልጅ።

ከአምስት አገር የተሰባሰብን ስምንት ወዳጆቹ ተያየን።

«ቲማቲም» አልኩ።

«የአባት?»

«ሰላጣ» አለ ሽሮ ከኋላዬ።

ብዙ ቆይቶ አንዲት ሴት እያለከለከች ገባች።

«ማስረሻ የሚባል ሰው መጥቷል? ባለቤቴ ነው። ሆስፒታል ነኝ እንዳለኝ ስልኩ ተዘጋ። ይሄ አራተኛ ሆስፒታሌ ነው!»

«የለም፣ እህቴ» አልናት ስምንታችንም።

አንጀታችንን በላችው። ሽሮማ ታክሲ ድረስ ሸኝቶ ወደ አምስተኛው ላካት።

ወዲያው ነርሷ ብቅ አለች።

«የአቶ ቲማቲም ሰላጣ ቤተሰቦች! ‹ሚስቴ አልመጣችም ወይ?› እያለ ነው።»