የአደጋ ጊዜ ቦርሳ

የመሬት መንቀጥቀጥ ወሬ ከተሰማ ወዲህ ሰውየው መጸዳጃ ቤት እንኳ የሚገባው የአደጋ ጊዜ ቦርሳውን አንግቶ ነው። ጎረቤቱ ትርንጎ ባየችው ቁጥር፣ «ጋሼ፣ ዘመቻው መቼ ነው?» ትለዋለች።

ቅዳሜ ጠዋት ኮንዶሚኒየሙ ነቅነቅ አለና የቤቱ በር አልከፈት አለው። ሰውየው ደስታውን አልቻለውም፤ ይኸው ቀኑ ደረሰ። መጮኽ ትንፋሽ ይጨርሳል ሲባል ስለሰማ ከቦርሳው ፊሽካ አውጥቶ በቁልፉ ቀዳዳ በኩል ነፋ፣ ነፋ፣ ነፋ።

በየፎቁ በር ተከፈተ። ኮቴው ወደ እሱ ሲተም ሰምቶ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከበሩ ማዶ ግን የሆነ ነገር ዱብ፣ ዱብ ይላል።

«ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ዛሬስ ፊሽካቸውን እየነፉ እስከ ፎቅ ወጡልን» አለች ትርንጎ።

ሰውየው ባለ በሌለ ኃይሉ ነፋ።

«ሰማን እኮ ልጄ፣ አትቸኩል!» አለች፤ «የላይ ቤቶቹም የቆሻሻ ማዳበሪያቸውን እያወረዱ ነው።»