ጢም ወይስ ዘንግ

ብልቃጡ ውስጥ ያለው ፈሳሽ እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቶ ቀረ። ተማሪዋ በረዶ ላይ አስቀምጣ የአንድ ትውልድ ዕድሜ ያህል ብትጠብቅም፣ በእጇ የሠራችው አስፕሪን አንዲት ነጭ ቅንጣት እንኳ አልወጣውም። ደወል ሳይደወል ካልመዘነችው ደግሞ ዓመቱን ትደግማለች።

«ጋሼ፣ ለምንድን ነው እምቢ ያለኝ?»

የመምህሩ ጢም ከራሳቸው ቀድሞ ደረሰ። «ነገሩ እንደ ጭፈራ ነው ልጄ፤ አንድ ደፋር ካልተነሳ ማንም አይነሳም» አሉና በብርጭቆ ዘንግ የብልቃጡን ውስጠኛ ግድግዳ ፋቁት፤ ሲጢጥታው የሙታንን ጥርስ ያንቀጠቅጥ ነበር። ቀጥለውም፣ «የጥንት ኬሚስቶች ምስጢር ይኸውልሽ!» ብለው የዘመናት አስፕሪን ብናኝ የሰፈረበትን ጢማቸውን ብልቃጡ አፍ ላይ አራገፉ። ያኔ ነጫጭ የአስፕሪን መርፌዎች ከየት መጡ ሳይባል ፈሳሹን ሞሉት። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ።

«ሚዛኑ ያውልሽ፣ ሩጪ!»

እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። «ጋሼ፣ መርፌዎቹን ያስነሳቸው የዘንጉ ጭረት ነው ወይስ ጢምዎ?»

ፀሐይ ለምን እንደምትሞቅ ሳይጠየቁ የሚያስረዱት ሰው፣ «እንጃ» አሉ።

ሰዓቱን አየች፤ ሚዛኑን አየች። ከዚያ ብልቃጡን አንስታ ማሞቂያው ላይ ጣደችው። መርፌዎቹ አንድ በአንድ ሟሙተው ጠፉ።

«አንቺ ልጅ፣ አብደሻል? ዓመትሽን እኮ ነው የጣድሽው!»

«አሁን በዘንጉ ብቻ ነው የምሞክረው ጋሼ» አለች፣ ዓይኗን ከብልቃጡ ሳትነቅል። «እርስዎ ጢምዎን ይዘው እስከ በሩ ድረስ ይራቁልኝ።»