እርሳስ የሚያድለው ሣጥን

የአንዷ ተማሪ አባት በሌዘር ማሽን ቆርጦ የሠራውን የእንጨት ሣጥን መምህርቷ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ መዘውሩን አንዴ ሲያዞረው፣ አንድ እርሳስ ብቻ ጠብ አለ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። “ጋሼ፣ ለፈተና ደግሞ መልስ የሚጥል ይሥሩልን!” አለ ከኋላ አንዱ ቀልደኛ። ተማሪዎቹ ግር ብለው መጥተው ሣጥኑ ላይ የተቀረጹትን ስሞቻቸውን በጣት ይፈልጉ ጀመር። የገዛ ልጁም ጣቷን ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ ስታመላልስ ሲያይ ክው አለ። ስሞቹን ከመምህርቷ ዝርዝር እየገለበጠ ለማሽኑ ሲሰጥ የእሷን ዘሎት ነበር፤ መጨረሻ ላይ በልዩ ፊደል አስውቦ ሊጽፈው። በዚያው ረሳው።

“ያንቺስ የታለ?” አላት ቀልደኛው። “አባትሽ ዘነጉሽ እንዴ?”

ልጅቷ ቀና ብላ አባቷን አየችው። አባትየው አንገቱን ደፋ።

“የኔማ ከውስጥ ነው ያለው” አለች፣ እንደ ትልቅ ሰው ኮራ ብላ። “አባዬ ለማንም እንዳትነግሪ ብሎኝ ነው።”

“እንክፈተውና እንየዋ!” አሉ ልጆቹ። መምህርቷም እየሳቁ ወደ አባትየው ዞሩ። ሣጥኑ ካልተሰበረ እንዳይከፈት አድርጎ ዙሪያውን በኮላ ያጣበቀው ራሱ ነበር።