ከግራዋ የሚመጣ ትንፋሽ

ልብስ ሰፊዋ እናቷን ከቀበረች ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞር ቢላት፣ ለጀማሪዎች የሚሰጥ የተመስጦ ትምህርት ገባች።

«ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ የራሳችሁን ትንፋሽ ብቻ አዳምጡ» አለች አስተማሪዋ።

አዳመጠች። ትንፋሹ ሲር ሲር ይላል፣ ልክ አስም እንደነበረባት እናቷ። «ልጄ፣ አየር አጠረኝ» ስትላት፣ «እማዬ፣ ደግሞ ጀመርሽ፤ እስቲ ትንሽ ልረፍ» ብላ በሩን የዘጋችባት እሷ ነበረች። ከእንቅልፏ ስትነቃ እናቷ ቀዝቅዛ ነበር። ይህን ለእህቷ እንኳ ትንፍሽ አላለችም።

ላለመስማት ትንፋሿን ያዘች። ሲር ሲር ማለቱ ግን አልቆመም፤ ከግራዋ፣ ስትገባ ባዶ ከነበረው ምንጣፍ ይመጣል።

አስተማሪዋ ቀስ ብላ መጥታ በዚያው በኩል በርከክ ስትል ተሰማት።

«አይዞዎት እማማ» አለች፤ «ልጅዎ ላይ ደገፍ ይበሉ።»

የልብስ ሰፊዋ ግራ ትከሻ ቀስ እያለ ከበደ።